ጀልባው ከመያዙ በፊት

ደብዳቤው፦

እትዬ፣ የምኖረው ሽቱትጋርት ነው፤ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ደሴ አብረን የተማርን ስድስት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን ጀርመን፣ ሌሎቹ ስቶክሆልም፣ ሮም፣ ለንደንና ዱባይ ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረስን ወዲህ ስድስታችንም አንድ ላይ ተገናኝተን አናውቅም። ዘንድሮ የስቶክሆልሟ ጓደኛችን ተነሣችና በክሮኤሺያ ጠረፍ ባለ ሸራ ጀልባ ተከራይተን ከስፕሊት እስከ ዱብሮቭኒክ ሰባት ደሴት በሰባት ቀን እንድንዞር አቀደች። ቀኑ ከኦገስት 8 እስከ 15 ነው። ለጀልባው ኪራይ ብቻ የእያንዳንዳችን ድርሻ 1,100 ዩሮ ነው። እኔ ለዕረፍቱ በሙሉ ያለኝ 900 ዩሮ ነው፤ በየወሩ ለእናቴ እልካለሁ፣ ታናሽ ወንድሜንም ኮሌጅ አስተምራለሁ። በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አስታጉዬ አላውቅም። ዋናም አልችልም። ሁሉም በደስታ "እሺ" ሲሉ እኔም "እሺ" ብዬ ጻፍኩ። ቅድሚያ ክፍያው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ልበደር ወይስ ከሥራ ፈቃድ ተከለከልኩ ብዬ ልቅር?

እሺ ባይዋ፣ ከሽቱትጋርት

መልሱ፦

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያስቀመጥሽልኝ ሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ ብድር ወይም ውሸት። አንዱንም አልመርጥልሽም። "ያለኝ 900 ዩሮ ነው" ብለሽ ተናገሪ። ይህን ለመናገር ያለሽ ጊዜ ቅድሚያ ክፍያው እስኪከፈል ድረስ ብቻ ነው። ከተከፈለ በኋላ ብትናገሪው ያው ቃል ቅሬታ ይመስላል፤ ጀልባው ላይ ሆነሽ ብትናገሪው ደግሞ ጠብ ይሆናል።

ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት እኔም ከአራት ጓደኞቼ ጋር በዚያው ጠረፍ ተጉዣለሁ። ስድስት ደሴት በስምንት ቀን ነበር፤ ዕቅዱን ያወጣሁትም እኔ ነበርኩ። ከመካከላችን አንዷ ማታ ማታ ለራት ስንቀመጥ "ዛሬ ሆዴ ጥሩ አይደለም" እያለች ሾርባና ዳቦ ብቻ ታዝ ነበር። ባሕሩ አናውጧት ነው ብለን ዝንጅብል ፈለግንላት። እውነቱን የሰማሁት ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ ነው። ለዚያ ጉዞ የተበደረችውን ገንዘብ ገና ከፍላ አልጨረሰችም ነበር። "ለምን አልነገርሽኝም?" ብዬ ተቆጣሁ። "ማን ጠየቀኝ?" አለችኝ። የዚያን ጉዞ ፎቶግራፎች በከፈትኩ ቁጥር ዛሬም ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው በእርሷ የሾርባ ሳህን ላይ ነው።

ስለዚህ የስቶክሆልሟ ጓደኛሽን ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም። ክፉ አይደለችም። በአምስት አገር የተበተኑ ሴቶችን ቀን አስማምቶ፣ መንገድ ፈልጎ፣ ዋጋ አጠያይቆ ማሰባሰብ ትልቅ ድካም ነው፤ ያን ሁሉ የምታደርገው ስለምትናፍቃችሁ ነው። የሰው አቅም የተለያየ መሆኑ ያልታያት ሁላችሁም "እሺ" ስላላችኋት ነው። መጀመሪያ ለእርሷ ብቻ ደውይላት። እንዳትጽፊላት፤ ድምፅሽን ትስማ። ለብቻዋ ቀድማ ከሰማች በሌሎቹ ፊት የተነቀፈች አይመስላትም፤ አዲሱን ዕቅድም ራሷ ታቀርበዋለች። በማግስቱ ለሁሉም ጻፊ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦

"እህቶቼ፣ ስድስታችን አንድ ማዕድ ላይ የምንቀመጥበትን ቀን ስጠብቅ ዓመታት አለፉ። ለዚህ ጉዞ ያለኝ ገንዘብ በረራውንና ምግቡን ጨምሮ 900 ዩሮ ነው፤ የጀልባው ኪራይ ከአቅሜ በላይ ነው። ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ይገባል፣ እኔም እጾማለሁ። ጉዞውን ከነሐሴ 16 በኋላ አድርገን በሕዝብ ማመላለሻ መርከብ ብንሄድ ምን ይመስላችኋል?"

"ይቅርታ" የሚል ቃል አላስገባሁም፤ አንቺም አታስገቢ። እናቱን የሚጦር፣ ወንድሙን የሚያስተምር ሰው ይቅርታ የሚጠይቅበት በደል የለበትም። ይሉኝታ ግን በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ሰው ነው ቀድሞ አንገቱን የሚያስደፋው። ይህን መልእክት ስትጽፊ ደግሞ "እኔም እኮ" የምትል አንዲት ጓደኛ እንደማትጠፋ እገምታለሁ። ከአምስቱ "እሺ" ውስጥ ሁሉም ከልብ የወጣ አይመስለኝም።

የዱባይዋ ወይም ሌላዋ "የጎደለውን እኔ እሞላልሻለሁ" ልትልሽ ትችላለች። ስጦታ ከሆነ፣ ስጦታ መሆኑም በግልጽ ከተነገረ፣ መቀበል ነውር የለውም፤ እኛ በመረዳዳት ያደግን ነን። ሳምንቱን ሙሉ ሌሎች በመረጡት ኑሮ እየኖርሽ በልብሽ ሒሳብ የምትይዢ ከሆነ ግን አትቀበይ። ዕቅዱን ዝቅ ማድረግ ለሁላችሁም ይሻላል።

አሁን ወደ ጀልባው ልምጣ፤ 1,100 ዩሮው መጀመሪያ ነውና። ከስድስታችሁ የመርከብ መንጃ ፈቃድ ያላት ከሌለች ካፒቴን መቅጠር ግድ ነው፤ ክፍያው የሚታሰበው በቀን ነው፣ በቀን 200 ዩሮ አካባቢ መጠየቅ የተለመደ ነው። ምግቡና መኝታውም በእናንተ ላይ ነው። ነዳጅ፣ የመጨረሻ ቀን ጽዳትና የአንሶላ ኪራይ ለየብቻ ይመጣሉ። ታዋቂ በሆኑት ወደቦች አንዲት መካከለኛ ጀልባ ለአንድ ሌሊት ማቆም በኦገስት ከ100 ዩሮ በላይ ያስከፍላል። ጉዞው ስፕሊት ተጀምሮ ዱብሮቭኒክ የሚያልቅ ከሆነ ጀልባዋን ባዶዋን ለመመለስ ተጨማሪ ይጠየቃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አከራዩ ለጉዳት መያዣ ብዙ ሺህ ዩሮ በአንዳችሁ ክሬዲት ካርድ ላይ ያግዳል። ያቺ ሴት ማን ትሁን? አንድ ነገር ቢሰበር ማን ይከፍላል? በዚህ ላይ የጀልባ ኪራይ በአብዛኛው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ወደ ማታ ተረክባችሁ ዓርብ ማታ ወደቡ ውስጥ መገኘት አለባችሁ። ሰባት ቀን የተባለው ስድስት ነው ማለት ነው።

ዋና ለማትችል ሰውም የጀልባ ሳምንት ይከብዳል። ሌሎቹ ከጀልባዋ ጫፍ እየዘለሉ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ሲገቡ አንቺ ልብሳቸውን ጠባቂ ትሆኛለሽ። ስድስት ሰው በጠባብ ክፍል ተኝቶ፣ በአንድ ትንሽ መታጠቢያ ቤት ተጠቅሞ፣ ለሃያ ዓመት ያልተነጋገረውን በአንድ ሳምንት ሲነጋገር ደግሞ ለብቻ ወጥቶ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ቦታ ያስፈልገዋል። በመሬት ላይ ግን አንዷ ስታኮርፍ ሌላዋ ይዛት ትወጣለች፤ ቡና ጠጥተው ይመለሳሉ።

የሕዝብ ማመላለሻው ሥርዓት እዚያ አገር ጥሩ ነው። ሁለት ዓይነት መርከብ አለ። አንደኛው መኪና የሚጭነው ትልቁ ፌሪ ነው፤ ቀስ ይላል፣ ዋጋው አነስተኛ ነው፣ እግረኛም አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ትኬት ቆርጦ ይሳፈራል። ሁለተኛው ካታማራን የሚባለው ፈጣኑ ነው፤ ወንበሩ የተቆጠረ ስለሆነ በበጋ ትኬቱ ቀደም ብሎ ያልቃልና ቀኑ እንደታወቀ በኢንተርኔት ግዙ። እንደ ርቀቱ አንዱ ጉዞ ከ20 እስከ 50 ዩሮ ቢፈጅ ነው። ስፕሊት ላይ የመርከቡ ወደብ፣ የአውቶቡስና የባቡር ጣቢያው ጎን ለጎን ናቸው፤ ሻንጣ እየጎተታችሁ ታክሲ መፈለግ የለባችሁም። ማረፊያ ከሆቴል ይልቅ የግለሰብ ቤት ተከራዩ። ባለ ሦስት መኝታ ቤት ለስድስት ሲካፈል ሌላ ዋጋ ይሆናል፤ ወጥ ቤትም አለው።

እኔ ብሆን ሰባቱን ሌሊት እንዲህ አደርጋቸዋለሁ፤ ስፕሊት ሁለት፣ በህቫር ደሴት ላይ ስታሪ ግራድ ሁለት፣ ኮርቹላ ሁለት፣ ዱብሮቭኒክ አንድ። ሰባቱ ደሴት ወደ ሁለት ወረደ፤ ከኮርቹላ ተነሥታችሁ ምልየትን በአንድ ቀን አይታችሁ ከተመለሳችሁ ሦስት ይሆናል። በየቀኑ ደሴት የሚቀይር ሰው የሚያውቀው ወደቡን ብቻ ነው። ጠዋት ሻንጣ ማሰር፣ ቀትር ላይ በፀሐይ መሰለፍ፣ ማታ የቤት ቁልፍ መፈለግ። እኔ ከስድስቱ ደሴቶች የሦስቱን መልክ ዛሬ መለየት አልችልም። የመጨረሻዋ ሌሊት ደግሞ የግድ በየብስ ላይ ትሁን። ከተራራው የሚወርደው ቡራ የሚሉት ብርቱ ነፋስ ወይም ከደቡብ የሚመጣው ዩጎ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚቀሩት ካታማራኖቹ ናቸው፤ አውሮፕላን ለመያዝ ከደሴት በዕለቱ ለመነሣት ማቀድ ልብ ማንጠልጠል ነው።

ስፕሊት ላይ ለምን ሁለት ሌሊት እንዳልኩ ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው የመርከብ መቀየሪያ አድርጎ ያልፋታልና። የከተማይቱ መሀል ቤተ መንግሥት ነው፤ ሰው የሚኖርበት፣ ልብስ የሚሰጣበት፣ ቡና የሚጠጣበት ቤተ መንግሥት። ያሠራው ሰው ስሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የሮሙ ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ነው። ደሴ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ልጅ ስንክሳር ሲነበብ ይህን ስም ስንት ጊዜ ሰምቷል! ዘመነ ሰማዕታት የተባለው የእርሱ ዘመን ነው። የግብጽ ክርስቲያኖች እስከ ዛሬ ዓመታቸውን የሚቆጥሩት እርሱ ከነገሠበት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ284 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በ303 አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፣ መጻሕፍት እንዲቃጠሉ አዘዘ። በ305 በፈቃዱ ከዙፋን ወርዶ እዚህ ባሕር ዳር ባሠራው ቤት ገባ። ተመልሰህ ንገሥ ብለው በለመኑት ጊዜ በእጁ የተከለውን ጎመን እንዲያዩለት መልሶ ላከባቸው ይባላል።

እኔ በዚያ አደባባይ ላይ የቆምኩ ቀን ጉልበቴ ከዳኝ። ለራሱ መቃብር ብሎ ያሠራው ስምንት ማዕዘን ሕንፃ ዛሬ ካቴድራል ነው። የተሰየመውም እርሱ በነገሠበት የስደት ዘመን፣ በ304 እዚያው አጠገብ ባለችው ሳሎና ከተማ አንገቱ በተቆረጠው ጳጳስ በቅዱስ ዶምኒዩስ ስም ነው። የሰማዕቱ ዐፅም የንጉሡ መቃብር በነበረው ቤት ውስጥ ይከበራል፤ የንጉሡ ሬሳ ግን የት እንደገባ አይታወቅም። ከበሩ ፊት ከግብጽ የመጣ ስፊንክስ የሚባል፣ የሰው ራስና የአንበሳ አካል ያለው ጥቁር የድንጋይ ሐውልት ተጋድሟል፤ ከዲዮቅልጥያኖስ እንኳ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል። ከጓደኞችሽ ጋር ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ አስጎብኚዎቹ ሳይመጡ፣ ድንጋዩ ገና ሳይግል እዚያ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ለዚህ ትኬት አይቆረጥም። ማንም ባለ ጀልባ ይህንን አያሳያችሁም።

ስታሪ ግራድ ጸጥ ያለች ናት። ከዚያው ደሴት ታዋቂዋ ህቫር ከተማ ናት፤ ሌሊቱን የሚጨፈርባት፣ ዋጋዋ የሚያስደነግጥ። ለጉብኝት ግማሽ ቀን በአውቶቡስ ሂዱ፤ በዋና ልብስ ብቻ መሀል ከተማ መዘዋወር እንደሚያስቀጣ እወቁ። ስታሪ ግራድን የመሠረቷት በ384 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የመጡ ግሪኮች ናቸው። ከከተማዋ በስተጀርባ ያለውን ሜዳ በደረቅ የድንጋይ ካብ ሸንሽነው ወይንና ወይራ ተከሉበት፤ ሽንሻኖው ዛሬም አለ፣ ወይንና ወይራውም ዛሬም ይለቀማል። በ2008 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ድንጋይ ከማሳ እየለቀመ በሚክብ ገበሬ አገር ለተወለደ ሰው ያንን ካብ ማየት ልዩ ስሜት አለው። ብስክሌት ተከራይታችሁ በማታ ዙሩት።

ኮርቹላ በግንብ የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት፤ ማርኮ ፖሎ የተወለደው እኛ ዘንድ ነው ይላሉ፣ የታሪክ ሰዎች ግን አይስማሙበትም። በእርሷ ብዙ አልቆይም፤ እኔን የሚስበኝ ምልየት ነው። የምልየት ምዕራባዊ ክፍል ከ1960 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ደሴቲቱ ውስጥ ከባሕር ጋር በቀጭን መተላለፊያ የተያያዙ ሁለት ሐይቆች አሉ፤ በትልቁ ሐይቅ ውስጥ ደግሞ ሌላ ትንሽ ደሴት፣ በእርሷም ላይ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተ የመነኮሳት ገዳም። የደሴ ልጆች ይህን ስታዩ ሐይቅ እስጢፋኖስን ሳታነሡ የምትመለሱ አይመስለኝም። የአካባቢው ሰዎች ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣባት መላጥያ የእኛዋ ደሴት ናት ይላሉ፤ አብዛኛው ሊቅ ማልታ ናት ቢልም ትውፊታቸውን ይዘዋል።

ለእኔ ከደሴቶቹ ሁሉ የምትበልጠው ቪስ ናት። የዩጎዝላቪያ የጦር ሰፈር ስለነበረች እስከ 1989 ድረስ ለውጭ ሰው ዝግ ነበረች፤ በዚያም ምክንያት ከሌሎቹ ይልቅ ሳትነካ ቆይታለች። ነገር ግን ከስፕሊት ከሁለት ሰዓት በላይ ወደ ባሕሩ መሀል ትርቃለችና በዚህ ጉዞ አልመክራችሁም።

ወደ ጾሙ ልግባ። በመጀመሪያ፣ ቀኑን ለማዞር መጠየቅ መብትሽ ነው፤ ሌሎቹም ከመካከላቸው ጿሚ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። እኛ ቤት ክረምቱ ጨልሞ ዝናቡ ሲያወርደው ፍልሰታ ይገባል፤ እዚያ ደግሞ ያው ጊዜ የበጋው ጫፍ ነው፣ ፀሐዩም ዋጋውም የሚያቃጥልበት። ጾሙ ኦገስት 22 ይፈታል። ከኦገስት 29 እስከ ሴፕቴምበር 5 ብትሄዱ ባሕሩ አሁንም ሞቃት ነው፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለሚያልቅ ሕዝቡ ይቀንሳል፣ የቤት ኪራዩም ወረድ ይላል። ለአዲስ ዓመትም ወደየቤታችሁ ትደርሳላችሁ። ለኪስሽም ለነፍስሽም የሚስማማው ይህ ነው።

ቀኑ አልዞር ካለ ግን በጾም ምክንያት አትቅሪ። እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጾሚና መንገደኛ ስትሆኚ እንዴት እንደምታደርጊ የነፍስ አባትሽን ጠይቂ፤ እኔ የምነግርሽ የወጥ ቤቱን ነው። ዳልማሺያ የሚባለው የዚያ ጠረፍ ሰው በወይራ ዘይት ነው የሚኖረው። ብሊትቫ የሚሉት ምግብ ቅጠሉን ከድንች ጋር ቀቅለው በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት የሚያሹት ነው፤ ስትቀምሺው ጎመን በድንች ነው። ሶፓርኒክ ደግሞ በሁለት ስስ ሊጥ መካከል ያው ቅጠልና ሽንኩርት ተደርጎ በምድጃ ላይ የሚጋገር ነው፤ ቅቤም ወተትም የለበትም፣ ጠዋት ስፕሊት ገበያ ላይ ይገኛል። በለስና ወይን በኦገስት ሞልቶ ይፈስሳል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፤ እነርሱ "ፖስኖ" ሲሉ የጾም ማለታቸው ነው፣ ነገር ግን በእነርሱ ሥርዓት ሥጋ ብቻ ነው የሚቀረው። "የጾም" ብለሽ ብታዢ ዓሣ ወይም አይብ ሊመጣልሽ ይችላልና ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት ብለሽ በዝርዝር ተናገሪ። ሽሮና በርበሬ ይዘሽ ሂጂ። ኦገስት 15 የእመቤታችን የዕርገት በዓል እዚያ አገር ሥራ የሚዘጋበት ትልቅ ቀን ነው፤ አስቤዛ በዋዜማው ግዙ። ጀበናውን ያዙ፤ ከሰሉን ግን ተዉት። ደሴቶቹ በጥድ ደን የተሸፈኑ ናቸው፣ በበጋ አንዲት ፍንጣሪ ደኑን ትፈጀዋለችና በውጭ እሳት ማንደድ ክልክል ነው።

ባሕሩን በሚመለከት፣ አሸዋማ ዳርቻ አትጠብቂ። ዳርቻው ጠጠርና ዐለት ነው፤ ውኃው ጥርት ያለ ስለሆነ ጥልቁ ቅርብ መስሎ ያታልላል፣ ከዐለቱ ሁለት እርምጃ ርቀሽ መሬት ልታጪ ትችያለሽ። ውኃ ውስጥ የሚደረግ ጎማ ጫማ ግዢ፤ እንደ ጃርት እሾህ የለበሱ ትናንሽ ፍጥረታት ዐለቱ ላይ ተለጥፈዋል፣ እሾሃቸው እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። እስከ ጉዞው ወራት አሉሽና በሽቱትጋርት በሕዝብ መዋኛ የአዋቂዎች ትምህርት ተመዝገቢ። ባትጨርሺውም መንሳፈፍ ከቻልሽ በምልየት ትንሹ ሐይቅ ማዕበል የሌለበት፣ ሞቅ ያለ ውኃ ይጠብቅሻል።

ዱብሮቭኒክን ስታዩ ገንዘብ ከጠበበ የከተማው ግንብ ላይ መዞሩ ይቅርብሽ፤ ከ30 ዩሮ በላይ ይጠየቅበታል። ውስጡን በማለዳ ወይም የመርከብ ቱሪስቶቹ ከሄዱ በኋላ በነፃ ተዘዋወሪ። ከምሥራቁ በር ውጭ ላዛሬቲ የሚባሉትን የድንጋይ ቤቶች ግን አንቺ በተለይ እዪአቸው። በወረርሽኝ ጊዜ ከውጭ የመጣ መንገደኛ ተለይቶ የሚቆይባቸው ነበሩ፤ ይህች ከተማ በ1377 ከታመመ አገር የመጣ ሁሉ 30 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ በሕግ ደነገገች፣ በኋላ ቀኑ ወደ 40 ከፍ ሲል ኳራንቲን የሚለው ስም አርባ ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ወጣ። በኮሮና ጊዜ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሠራ ሰው ያንን በር በተለየ ዓይን ያየዋል።

የምትሰበስቡትን ገንዘብ አስቀድማችሁ አንድ የጋራ ቦርሳ አድርጉት። ሁላችሁም እኩል፣ ከትንሹ አቅም ጋር የሚመጣጠን መጠን አዋጡ፤ መርከብ፣ ቤት፣ አስቤዛና አንድ ቀን የሚበላ የጋራ ራት ከእርሱ ይወጣል። ከዚያ በላይ የፈለገች በራሷ ታወጣለች፤ ሌላዋም ቤት ቀርታ ሽሮ ብትሠራ "ለምን አልመጣሽም?" አትባልም። ይህንን ስፕሊት ከደረሳችሁ በኋላ ሳይሆን አሁን ተስማሙበት። ቦርሳውን የምትይዘው አንዲት ትሁን፤ ሮም ያለችው ትያዘው ወይም አንቺ። ዕቅድ አውጪዋ ግን አትያዘው፤ ያለባት ይበቃታል።

የመጨረሻው ጉዳይ ወረቀት ነው፣ እርሱም ከገንዘቡ ይልቅ ጊዜ የሚጠይቅ ነው። ክሮኤሺያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሼንገን፣ ማለትም በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ባስቀሩት የአውሮፓ አገሮች ማኅበር ውስጥ ናት፤ ገንዘቧም ዩሮ ነው። ስለዚህ እናንተ የጀርመን፣ የስዊድንና የጣሊያን የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ያንን ካርድና የጸና ፓስፖርት ይዛችሁ ትገባላችሁ። ሁለቱንም በዋናው ያዙ፤ ቤት አከራዩም ለምዝገባ ይጠይቃችኋል፣ ፖሊስም መንገድ ላይ ሊጠይቅ ይችላል። የለንደኗና የዱባይዋ ጓደኞቻችሁ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዙ ከሆነ ግን የእንግሊዝም ሆነ የኤምሬትስ መኖሪያ ፈቃድ አያስገባቸውም፤ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፣ ማመልከቻውም ብዙ ሌሊት ለሚያድሩባት አገር ለክሮኤሺያ ነው የሚቀርበው። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ጀምሮ ነው። ቪዛቸው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ ሌላም አለ፤ ነፋስ ተነሥቶ ከስፕሊት ዱብሮቭኒክ በአውቶቡስ መሄድ ካለባችሁ መኪናው በ2022 በተከፈተው በፔሊየሻጽ ድልድይ የሚያልፍ መሆኑን ጠይቁ። በድሮው መንገድ ከሄደ የቦስኒያን ድንበር ተሻግሮ ነው የሚያልፈው፣ ከሼንገን መውጣት ይሆናል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የስቶክሆልሟ ዘንድ ከደወልሽ በኋላ ስልኩን አታስቀምጪ። ለለንደኗና ለዱባይዋም ደውይ፤ በበጋ የቪዛ ቀጠሮ ቶሎ ይሞላል፣ ስድስት የምትሆኑት እነርሱ ከመጡ ነው።